የበር አራት ቁልፍ

ጥር 14 ቀን

እትዬ፣

«ደህና ነን አትደውል» የሚለው ቴሌግራምሽ ትናንት ደረሰኝ። «ደህና ነን» ሲል ነፍሴ መለስ አለች፤ «አትደውል» ሲል መልሳ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ በባለሱቁ ስልክ ስፈልግሽ ሰውየው አንዴ «ወጥታለች»፣ አንዴ «ተኝታለች» እያለ ይዘጋብኛል። አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በጠራራ ፀሐይ የምትተኚው? ታመሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ተቀይመሽኝም ከሆነ ንገሪኝ።

የስታዲየማችሁን ወሬ እዚህ ከማንም በፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ፋክሱ ያለው ከጠረጴዛዬ አጠገብ ነው። ሁለተኛው ጎል ሲገባባችሁ ከእንግዶቹ ደጋፊዎች በኩል ርችት ተወረወረ፤ ከእናንተ በኩል ወንበር እየተነቀለ ተመለሰ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ፤ ሕዝቡ ወደ በሮቹ ሮጠ። በር አራት ላይ ተረጋግጦ አሥራ አንድ ሰው ሞተ። በር አራት የሚለውን መልሼ መላልሼ አነበብኩት። የጋሼ በር ነው። ባልሽ የብየዳ መነጽሩን አውልቆ፣ በጨዋታ ቀን ሁሉ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የቆመበት በር ነው። ቴሌግራምሽ ባይደርስ ኖሮ አብጄ ነበር። ያን ቀን ሌላ ሰው ተክቶት ነበር ማለት ነው?

የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽናችን የዲሲፕሊን ኮሚቴ በመጋቢት ይቀመጣል። የውሳኔውን ረቂቅ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ለጎረቤት «ወንድሜ ኳስ ቢሮ ነው የሚሠራው» እያልሽ የምታሳንሺው ሥራ ይኸውልሽ። አምና ተመልካች ሜዳ ገብቶ የመስመር ዳኛውን አንድ ዓይን ሲያጠፋ፣ በኢንተርናሽናል ጨዋታ ረብሻ ሲነሳ ምን ይደረግ ተብሎ አዲስ ደንብ ወጥቶ አልነበር? እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጨዋታው በተጀመረ በሩብ ሰዓት በሮቹ ይቆለፋሉ፤ ቁልፎቹ በሙሉ ተሰብስበው መቆጣጠሪያ ክፍል ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ከውጭ ግር ብሎ የሚገባ አይኖርም። ኮሚቴው አጨብጭቦ ነው ያጸደቀው። ጋሼ እንኳ «ኮራሁብህ» ብሎ ጻፈልኝ፤ በዕድሜው የጻፈው ደብዳቤ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

ፉጨትስ? ያቺ ከወንድ በላይ የምታፏጭ ልጅሽ ምን ሆና ነው? በየሳምንቱ «እናንተ ሰዎች፣ እሱ ደግሞ ኦፍሳይድ ነው?» እያለች በዳኞቹ ጥፋት ሁሉ እኔን ትከስሰኝ ነበር፤ ይኸው ዝም አለች። ፈተና ላይ ከሆነች እምራታለሁ። ጉንጯን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ዳኛው


የካቲት 2 ቀን

ዳኛው ወንድሜ፣

አልታመምኩም፤ አልተቀየምኩህምም። ባለሱቁን ዋሽልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ላይ አትዘንበት። ድምፄ አልታዘዝ ብሎኛል። አንተ ደግሞ ድምፄን አንዴ ከሰማህ በሆዴ ያለውን ሁሉ ጎትተህ ታወጣዋለህ። ወረቀት ይሻለኛል። ወረቀት ላይ እጄ ቢንቀጠቀጥ መርፌ ወግቶኝ ነው እላለሁ።

የጠየቅኸኝን ልመልስ። ያን ቀን ማንም አልተካውም፤ በሩ ላይ የነበረው እሱ ራሱ ነው። መዳፎቹ ተልጠዋል እንጂ አካሉ ደህና ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ጣቢያ ነው ያለው። ጠዋት ወደ ስፌት ቤቱ ከመግባቴ በፊት ንጹሕ ሸሚዝ አደርስለታለሁ፤ የለበሰውን ተቀብዬ እመለሳለሁ። አያወራኝም። አንድ ቀን ብቻ «ዳኛው ሰማ?» አለኝ። «ምኑን?» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

በሬዲዮ «ጠባቂው በሩን ቆልፎ ጠፋ» ይላሉ። እሱ ነው ከቦታው የሚጠፋው? የሠርጋችን ቀን እንኳ ሙሽራው ቀድሞ ደርሶ ደጅ ላይ ሰው ሲያስተናግድ ነው ያገኘሁት። ጠበቃው እንደነገረኝ ፍርድ ቤቱ የእናንተን ወረቀት ነው የሚጠብቀው። የእናንተ ኮሚቴ «ጥፋቱ የጠባቂው ነው» ካለ እስር ቤት ይገባል፤ በዚህ ዕድሜው ከገባ ደግሞ በእግሩ አይወጣም። ስታዲየሙን ትዘጉታላችሁ፣ ያለ ተመልካች ታጫውታላችሁ ይባላል፤ እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። ግን ስለ በሩ ስትጽፍ አጣርተህ ጻፍ። ሰባት ዓመት ሳይሞላህ የሰፈሩን ልጆች አሰልፈህ ቀይ ጨርቅ ታሳይ የነበርከው አንተ፣ ያኔ እንኳ ሁለቱን ወገን ሳትሰማ አትፈርድም ነበር። ዳኛው ያልንህም ለዚህ ነው።

ስለ ፉጨት የጠየቅኸኝን አይቻለሁ። በሌላ ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ፤ ዛሬ ሰባት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ማድረስ አለብኝ።

አንተ ግን አንድ ነገር መልስልኝ። ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ሚስት እንደሌለህ አውቃለሁ፤ ተስፋም ቆርጬልሃለሁ። እኔ የምልህ፣ ፊትህ ጠቆር ሲል «ምን ሆነሃል?» የሚልህ ሰው አጠገብህ አለ? ቋንቋችንን የሚሰማ ሰው አለ? ለምን ጠየቅሽ አትበለኝ፤ መልስልኝ ብቻ።

እህትህ


የካቲት 17 ቀን

እትዬ፣

በስተርጅና ደግሞ ሚስት አፈላላጊ ሆንሽ? እሺ፣ ከማንም ጋር አልኖርም። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ የትራም ማቆሚያ የሚያሳይ አንድ መስኮት። አከራዬ ጆሮዋ አይሰማም፤ ተጣልተንም ታርቀንም አናውቅም። ቋንቋችንን የሚሰማው ቢሮ ውስጥ ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ተርጓሚ ብቻ ነው። አባት የሚሆነኝ ሰው ነው፤ ረፋዱ ላይ ሻይ አብረን እንጠጣለን። በቃሽ? አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ፤ ይህን ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ወረቀት ቀድጃለሁ።

ጋሼ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ተተርጉሞ ደርሶኛል። ፈርሞበታል። «በሩን የቆለፍኩት በራሴ ነው። ቁልፉ ኪሴ ነበር፤ በግርግሩ ጠፋብኝ። ማንም አላዘዘኝም» ይላል። እኔ ምን ልበል? ደንቡ ቆልፍ ይላል፤ ቁልፉን ወደ ሳጥኑ መልስ ይላል። ኪስህ ከትተህ ጣለው አይልም። አሥራ ስድስት ዓመት ያለ እንከን ማገልገሉን ለማቅለያ እጽፍለታለሁ፤ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። «የበር ጠባቂው ቸልተኝነት» የሚለውን ግን ከረቂቁ ማውጣት አልችልም። የራሱ ቃል ነው። የእህቴ ባል ስለሆነ ብሸፍንለት ነገ ማን ያምነኛል?

ስታነቢው ቅንድብሽ ሲሰበሰብ ይታየኛል። ግን ደንብ የምናወጣው ሰው እንዳይሞት እኮ ነው። ረብሻ ሲነሳ እጃችን ከላላ በሚቀጥለው ጨዋታ ይብሳል። ያ የመስመር ዳኛ ቢሮዬ መጥቶ በቀረችው ዓይኑ ሲያየኝ ብታዪ ትረጂኝ ነበር።

የሟቾቹ ዝርዝርም ደርሶኛል። ስም የለውም፤ ተራ ቁጥር፣ ጾታ፣ ዕድሜ ብቻ ነው። ከሐኪም ቤቱ ወረቀት ጋር እያመሳከርኩ በያንዳንዱ ፊት በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አደረግሁ። ሰባተኛዋ «ሴት፣ 19» ትላለች። የፉጨት እኩያ ናት ብዬ ትንሽ እጄ ቆመ። የሰፈራችሁ ልጅ ከሆነች እናቷን ታውቂያት ይሆናል። ሄደሽ እዘኚላት፤ ከኔም ጭምር።

ፉጨት ለምን እንደማትጽፍልኝ አሁንም አልነገርሽኝም።

ወንድምሽ


መጋቢት 1 ቀን

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ ተርጓሚው ነው። ሆን ብዬ ነው በእሱ ስም የላክሁት። አንብበህ እስክትጨርስ ካጠገብህ እንዳይነሳ በሌላ ወረቀት ለምኜዋለሁ። ሰውን ሁሉ ደንብ አክብር ስትል ኖረሃል፤ ዛሬ የኔን ደንብ አክብር። ቁጭ ብለህ አንብብ።

የሰባተኛዋን እናት አውቃታለሁ። እኔ ነኝ።

ፉጨት ናት፤ ልጄ ናት። «ደህና ነን» የሚለውን ቴሌግራም ያስላክሁት ከቀብሯ በተመለስኩ ማግስት ነው። በሰው አገር ብቻህን ሆነህ እንዴት ልንገርህ? ወረቀቱን እንደያዝክ ወለሉ ላይ ቁጭ ስትል፣ የሚያነሳህም ሰው ሲጠፋ ታየኝ። ለዚህ ስል ዋሸሁህ፤ ይቅር በለኝ። ሌላም አለ። ለአንተ እስካልጻፍኩት ድረስ ያልሞተችበት አንድ ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር። በአንተ ደብዳቤ ውስጥ ገና ፈተና ላይ ነበረች።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትቆመው እዚያው ነው፤ ከበሩ በላይ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ። አባቷ ዞር ብሎ እንዲያያት ብላ። ጭሱ ሲመጣ ወደ አባቷ ሮጠች፤ ሕዝቡም ከኋላዋ መጣ።

አሁን የቁልፉን ነገር ስማ። የበር ሁለቱ ጠባቂ ከትናንት በስቲያ ቤቴ መጥቶ እያለቀሰ አወራኝ። ደንባችሁ ከመጣ ጀምሮ እውነተኛውን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ የከተተ ጠባቂ የለም። አንዱ የቁም ሳጥኑን፣ አንዱ የብስክሌቱን ቁልፍ ይጥላል። ሰብሳቢው ይቆጥራል እንጂ ቁልፉን በር ላይ አይሞክር። የበሩን ቁልፍ ኪሳቸው ያስቀራሉ፤ ሰው ቢታመም፣ እሳት ቢነሳ ብለው። ሌላው በር ሁሉ ቶሎ የተከፈተው ለዚህ ነው። የኛንም ሰው «አንተም እንደኛ አድርግ» ብለውት ነበር። «ይሄ የዳኛው ደንብ ነው፤ እኔ ካላከበርኩለት ማን ያክብርለት?» አላቸው፣ ደረቱን ነፍቶ። እውነተኛውን ቁልፍ አስገባ።

ሕዝቡ በሩ ላይ ሲከመር ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሮጠ። ሳጥኑ ተቆልፏል። የሳጥኑን ቁልፍ የያዘው የጸጥታ ኃላፊ ዳኞቹን ሊያጅብ ሜዳ ወርዷል። ሳጥኑን በእጁ ነው የሰበረው። መዳፉ ለምን እንደተላጠ አሁን ገባህ? ቁልፉን ይዞ ሲመለስ በሩ ላይ ያሉት ሰዎች መጮህ አቁመው ነበር።

የሰማሁትን ሁሉ ትናንት ፊት ለፊት ነገርኩት። መካድ አቃተው። «ሳጥን ውስጥ ነበር ካልኩ ሰዎቹን የገደላቸው ደንቡ ነው ይባላል፤ የዳኛው ስም ይነሳል። ልጄን አጥቻለሁ፤ እሱን ደግሞ በእጄ አላጠፋም» አለኝ። እንዳልነግርህ አስምሎኛል። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ለነፍሴ እኔው እጠየቅበታለሁ።

ይኸው ነው። ከአንተ ልቅሶ አልፈልግም፤ የኔው ይበቃኛል። የሆነውን ብቻ ጻፍ።

እህትህ


መጋቢት 19 ቀን

እትዬ፣

ለብዙ ቀን እስክሪብቶ ማንሳት አልቻልኩም። ተርጓሚው እንዳልሽው አልተነሳም፤ እጄን ይዞ ነው ያስጨረሰኝ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

በቀይ ምልክት አደረግሁባት እትዬ። «ሄደሽ እዘኚላት» አልኩሽ። ያን መስመር ስታነቢ ብቻሽን ነበርሽ፤ አንቺ አጠገብ ማንም እንዲቀመጥ አላደረግሁም።

ሌላም የምነግርሽ አለ፤ ከምደብቅሽ ብትጠዪኝ ይሻለኛል። ጋሼ «ቁልፉ ጠፋብኝ» ማለቱን ያነበብኩ ቀን ቀለል ብሎኝ ነበር። ደንቤ ነጻ ወጣ ብዬ። ሻዬን በደንብ ጠጣሁ።

ደንቡን አውጥቼ ደጋግሜ አነበብኩት። አንቀጽ አራት የቁልፍ ሳጥኑን ለጸጥታ ኃላፊው ይሰጣል። አንቀጽ ዘጠኝ ረብሻ ሲነሳ ያው ኃላፊ ዳኞቹን እንዲያጅብ ያዛል። ሁለቱንም የጻፍኳቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ረብሻው ሲነሳ ሳጥኑ ጋ ማን ይቀራል ብዬ አልጠየቅሁም፤ ያጸደቁትም አልጠየቁም። ሁላችንም የምናስበው ስለሚገባው ሰው ነበር። መውጣት ስለሚፈልግ ሰው ያነሳ አልነበረም። እኔ የስታዲየም በር ላይ ቆሜ አላውቅም እትዬ። ጋሼን አንድ ቀን እንኳ «እንዴት ነው ይሄ ነገር?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ በሁለት ቃል ይነግረኝ ነበር።

የመቆጣጠሪያ ክፍሉን መዝገብ በፋክስ አስላክሁ። «በር አራት፣ ቁልፍ ገቢ» ይላል፤ ጨዋታው በተጀመረ በሩብ ሰዓት፣ የጋሼ ፊርማ አለበት። ኮሚቴው ሰኞ ሲቀመጥ ያን ይዤ ገባሁ። ረቂቅ አዘጋጅ በስብሰባ ላይ ማስታወሻ ይይዛል እንጂ አይናገርም። ተነስቼ ተናገርኩ። ሊቀ መንበሩ «ከሟቾቹ ጋር ዝምድና አለህ?» አለኝ። «ሰባተኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፤ ደንቡ ደግሞ የኔ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ማንም አላቋረጠኝም።

ጠባቂው የታዘዘውን እንደፈጸመ የሚገልጽ ደብዳቤ ለፍርድ ቤቱ ተልኳል። አንቀጽ አራትም ተሽሯል። ከእንግዲህ በሮቹ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ክፍት ይሆናሉ፤ በየበሩም ጠባቂ ይቆማል። ስታዲየማችሁ ግን ሁለት ጨዋታ ያለ ተመልካች እንዲያስተናግድ ተፈርዶበታል። የሞተባቸውን ሰዎች ነው የምትቀጡት ብዬ ተሟገትኩ። «ሳንቀጣ ብንለያይ ዓለም ምን ይለናል?» አሉኝ። እኔም አምና እንዲሁ ነበር የምለው። በማግስቱ ሥራዬን ለቀቅሁ።

መምጣት እፈልጋለሁ። ጋሼ ፊቴን ማየት ይችላል? አንቺስ? ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ግን ይኸው፣ ይቅር በይኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 16 ቀን

ወንድሜ፣

ጋሼህ ከተፈታ ሁለት ሳምንት ሆነው። ከስተናል፤ እሱም እኔም። የስፌት ቤቱ ሴቶች ቀሚሴን በሁለት በኩል አጥብበውልኛል።

ደብዳቤህን ሳነብለት ተቆጣ። «ልጄን ላያመጣት ለምን ተናገረ? ያን ሁሉ ዓመት የተማረለትን ሥራ እንዴት ይለቃል?» አለ። ከጣቢያ ከወጣ ድምፁ ከፍ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ «እስቲ ድገሚልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። ሻይ ጠጣሁ ያልክበት ቦታ ስደርስ «ይሄን ባይጽፈው ምን ነበረበት፤ ራሱን ጎዳ» አለ። እንደምታውቀው ነው፤ አንተን ለመውቀስ ምላሱ አይታዘዝለትም። ስለዚህ ፊትህን ማየት ይችላል። እሱን አትፍራ።

እኔን ግን ጠይቀኸኛል፤ አልዋሽህም። ጠዋት ስነሳ ይቅር ብዬህ ነው የምነሳው። አንተን በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁ ነኝ፤ ሌላ ማን አለኝ? ከሰዓት የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ስሰፋ በሷ ልክ የሆነ ትከሻ እጄ ላይ ይመጣል። ያኔ ስምህን መስማት አልፈልግም። ማሽኑን አቁሜ አለቅሳለሁ፤ ሴቶቹም ለምደውታል። ነገ ጠዋት ደግሞ እንደገና ይቅር እልሃለሁ። እስካሁን የቻልኩት ይህን ያህል ነው።

ባለፈው እሁድ ያለ ተመልካች የተባለው የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር። ለሥራ ጠሩት። ሰው ባይገባም ደንቡ በየበሩ ጠባቂ ይቁም ይላልና። አይሄድም ብዬ ነበር፤ ጫማውን ሲወለውል አገኘሁት። ብቻውን ልለቀው አልቻልኩም፤ ተከትዬው ሄድኩ። እኔን ማስገባት ስለተከለከለ ከበሩ ውጭ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

በር አራት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ባዶው ደረጃ እስከ ላይ ድረስ ይታያል። ኳሷ ስትመታ ይሰማል፤ ተጫዋቾቹ «ስጠኝ! ስጠኝ!» ሲባባሉ ይሰማል፤ አሠልጣኙ ሲሳደብ ሳይቀር ይሰማል። ጎል ሲገባ አሥራ አንዱ ተጫዋቾች ብቻ ጮኹ። እሱ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አልተቀመጠም። በሩ መሐል እንኳ አልቆመም፤ ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ለሚወጣ ሰው መንገድ እንደሚለቅ ሆኖ ነው የቆመው።

ጨዋታው አለቀ። ተጫዋቾቹም በአውቶቡሳቸው ሄዱ። ተቆጣጣሪው መጥቶ «በቃ ጋሼ፣ ሂድ ወደ ቤትህ» አለው። አልተንቀሳቀሰም። ተነስቼ ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

«ሁሉም ወጥቷል?» አለኝ።

«ሁሉም ወጥቷል» አልኩት።

ትንሽ አየኝና አብሮኝ መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤትም ሆነን ይጠይቀኛል፤ እጁን እየታጠበ፣ ወይ ጋደም እንዳለ። ስትመጣ አንተንም ይጠይቅህ ይሆናል። እንደኔ በለው።

እህትህ